ቡታጋዝ፣ መብራት፣ ከሰል ወይስ ጀነሬተር? ለአዳማ ምግብ ቤቶችና ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

አዳማን ነዳጅም መብራትም ይከብቧታል። ከጅቡቲ የሚመጡት ቦቴዎች ቀንና ሌሊት በአጠገቧ ያልፋሉ። ኮረብታዎቿ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ወረድ ሲባል ኮካ ግድብ አለ። እሱ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ሲሰጥ የኖረ ነው።

ይህ ሁሉ ቢኖርም ፍራንኮ አካባቢ ሽሮ ቤት ልትከፍት የተነሳች ሴት ጥያቄዋ አይቀልላትም። በምን ላብስል? መብራት ሲሄድስ ምን ልሁን? ሱቅ ብትገባ ሁሉም "የእኔ ንጹሕ ነው" ይላታል። ጋዝ ሻጩ ጭስ የለውም ይላል። ሶላር ሻጩ ነዳጅ አይፈልግም ይላል። ጀነሬተር ሻጩ ደግሞ መብራት ቢሄድ ባይሄድ ግድ አይሰጥሽም ይላል።

ሦስቱም አልዋሹም። ግን ሦስቱም አንድ ነገር ዘለዋል፤ ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው ንጹሕ የሆነው? ርካሽ የሆነውስ? ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ለማየት ነው። የየትኛውንም ድርጅት ዕቃ ስም አልጠራም። ላምባንም አላስገባሁም። ጭሱና ሽታው ከቡታጋዝ ይብሳል፣ የሚመጣውም በዚያው በጅቡቲ መንገድ ነው። ቡታጋዝ ባለበት ከተማ ላምባን የሚያስመርጥ ምክንያት አላየሁም።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ዋጋ ነው። ዋጋ ሲባል ግን የሲሊንደሩ ወይም የከሰል ማዳበሪያው ዋጋ ማለት አይደለም። ድስቱ ውስጥ የገባው ሙቀት ዋጋ ማለት ነው። ከሰል ሲቀጣጠል አብዛኛው ሙቀት ወደ አየር ይሄዳል። ቡታጋዝ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ድስቱ ላይ ያሳርፋል። ተራው የኤሌክትሪክ ስቶቭ ወደ 70 በመቶ፣ ድስቱን ራሱን በማግኔት ኃይል የሚያግለው ኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ ወደ 85 በመቶ ያደርሳል።

ይህንን ሁሉ አስልቼ ወደ አንድ ቀላል ቀመር አመጣሁት፦ 1 ኪሎ ቡታጋዝ የሚያበስለውን ወጥ ለማብሰል 4 ኪሎ ገደማ ከሰል ያስፈልጋል፤ በተራ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከሆነ ደግሞ 10 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ። ይህችን ይዛችሁ ገበያ ብትወጡ በቂ ነው። ዋጋ በየወሩ ቢቀያየርም ቀመሩ አይቀየርም።

ለምሳሌ 12 ኪሎ ተኩል የሚይዘውን ሲሊንደር ማስሞላት 2,500 ብር ቢሆን ለ125 አካፍሉት፤ 20 ብር ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የምትከፍሉት ከ20 ብር በታች እስከሆነ ድረስ መብራት ያዋጣችኋል ማለት ነው። ቆጣሪያችሁ የሚያስከፍላችሁን ተመን ከደረሰኙ ላይ አንብቡና ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛው አስተማማኝነት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ጤና ነው። በተለይ ወጥ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቆመው ሰው ጤና። አራተኛው ምንጩ ነው። በዶላር የሚገዛ ነገር ከብሩ ምንዛሪ ጋር ይወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ነገ ሐሳቤን ብቀይር መውጣት እችላለሁ ወይ? 4 ሲሊንደርና ትልቅ የጋዝ ምድጃ ላይ ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ዋጋው ሲንር መሸሻ የለውም።

ከሰልና ማገዶ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ከሰል መነሻው ርካሽ ነው። ማንደጃ ገዝቶ መጀመር ይቻላል፣ መብራት ሄደ አልሄደም አይነካውም። ከዚያ ውጪ ግን በሁሉም መመዘኛ ወደ ታች ነው።

1 ኪሎ ከሰል በባህላዊው መንገድ ለማክሰል ከ5 እስከ 7 ኪሎ እንጨት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የእኛ ከሰል የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ ግራር ነው፤ ያ ግራር ደግሞ ቶሎ አይተካም። ጤናውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከሰል ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ በር ተዘግቶ ሲተኛበት ይገድላል። የአዳማ ሙቀት ላይ ሲጨመር ደግሞ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ቀኑን መዋል ቅጣት ነው።

ለቡና ማፍያ ግን ከሰልን ተዉ አልልም። ጀበናዋና እጣኑ የራሳቸው ወግ አላቸው። በረንዳ ላይ፣ አየር ባለበት፣ በጥቂት ከሰል ይሁን።

ቡታጋዝ

ቡታጋዝ የነዳጅ ኢንዱስትሪው ልጅ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ድብልቅ ሲሆን በዓለም ላይ የሚመረተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተፈጥሮ ጋዝ ሲጣራ፣ ቀሪው ደግሞ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ የሚገኝ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ከውጭ ተገዝቶ ነው።

ከከሰል ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ትልቅ ነው። ወዲያው ይለኮሳል፣ ወዲያው ይጠፋል። ጥላሸት የለውም። ቁርስ ቤት ላለው ሰው ይህ ወርቅ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍርፍርና እንቁላል የሚያዝ ደንበኛ ከሰል እስኪያያዝ አይጠብቅም። ደኑም ይተርፋል። በአገራችን ከ10 ቤተሰብ 9 ያህሉ አሁንም በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው የሚያበስለው። ከእነዚህ አንዱ ወደ ቡታጋዝ ሲሻገር፣ ነዳጅ ቢሆንም እንኳ፣ እኔ እንደ እውነተኛ መሻሻል ነው የማየው።

ከመብራት ጋር ሲነጻጸር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። አንድ 12 ኪሎ ተኩል ሲሊንደር ተቃጥሎ ሲያልቅ ግን 37 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ አዳማ ላይ ከሰልን በጋዝ መተካት ወደፊት መሄድ ሲሆን መብራትን በጋዝ መተካት ወደኋላ መመለስ ነው። ዕቃው አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን የሚወሰነው በተካው ነገር ነው።

አቅርቦቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ሲሊንደር አልቆ የሚሞላ ጠፍቶ መዞር የተለመደ ነው። ስለዚህ በቡታጋዝ ብቻ የሚሠራ ምግብ ቤት ቢያንስ አንድ ሙሉ ትርፍ ሲሊንደር ሊኖረው ይገባል። ያም የታሰረ ገንዘብ ነው። እንጀራ በቡታጋዝ መጋገር ይቻላል፤ ግን ሲሊንደሩን ቶሎ ይበላዋል።

ስለ ደኅንነቱ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈተለከ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ላይ ያለ መስኮት ብቻ አይበቃም፤ ከታች በር ሥር ወይም ግድግዳው ግርጌ መተንፈሻ ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከተቻለ ከወጥ ቤቱ ውጪ በጥላ ሥር። ቱቦውንና መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከኮረፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ከዚያ ቤት ውጡ። ሽታው ከመጣም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ መብራት ማብራትም ማጥፋትም ብልጭታ ይፈጥራል።

"ጋዝ ድልድይ ነው" ሲባል

ጋዝ ንጹሕ ነው የሚለው ንግግር ከአዳማ ሱቅ አልተጀመረም። የዓለም ነዳጅ ኩባንያዎች ለዓመታት ሲሉት የቆዩት ነው። ከድንጋይ ከሰል ወደ ፀሐይና ነፋስ ስንሻገር ጋዝ ድልድይ ይሆነናል ይላሉ። ገዢ ሆነን ይህንን መመዘን አለብን፤ ምክንያቱም ወደ እኛ የሚመጣው ማስታወቂያም ከዚያው የተቀዳ ነው።

መብራቱን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር ክርክሩ መሠረት አለው። የተፈጥሮ ጋዝ ለመብራት ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የድንጋይ ከሰልን ግማሽ ያህል ነው። ግን የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ሜቴን ማለት ነው። ሜቴን ሳይነድ ወደ አየር ካፈተለከ በ20 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው ባለው መንገድ ጥቂት ካፈሰሰ ጥቅሙ ተበላ ማለት ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ 50 ያህል የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች እስከ 2030 ድረስ የሜቴን ብክነትን ወደ ዜሮ ለማስጠጋትና ከጉድጓድ የሚወጣን ጋዝ እዚያው በዘልማድ ማቃጠልን ለማቆም ቃል ገብተዋል። ጥሩ ቃል ነው። ግን ቃሉ የሚመለከተው የራሳቸውን ሥራ ነው። እኛ ገዝተን የምናነደው ነዳጅ የሚያወጣው ብክለት፣ ትልቁ ድርሻ፣ ውስጡ የለም። የገንዘቡን አካሄድ ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በዚያው ዓመት አሳይቷል፤ ኢንዱስትሪው በ2022 ካፈሰሰው ካፒታል ወደ ንጹሕ ኃይል የሄደው 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ለታዳሽ ኃይል የያዘውን ገንዘብ ቀንሶ ወደ ነዳጅና ጋዝ ተመልሷል።

ሌላ መንገድ የሄደም አለ። የዴንማርኩ ዶንግ ኢነርጂ የነዳጅና የጋዝ ማምረቻውን እ.ኤ.አ. በ2017 ሸጦ፣ ስሙን ኦርስቴድ ብሎ ቀይሮ፣ ባሕር ላይ ነፋስ ወደ ማመንጨት ዞሯል። ኢንዱስትሪው ሲፈልግ እንደሚችል እሱ ማሳያ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን የኢንዱስትሪው እውቀት ግን በእኔ እይታ ቁፋሮው ነው። ከአዳማ በስተደቡብ፣ በአርሲ በኩል ባለው ቱሉ ሞዬ ለእንፋሎት ኃይል የሚቆፈሩት ጉድጓዶች ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ይህን ያህል የሚዘልቀው ቴክኖሎጂ ያደገው በአብዛኛው ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነው። ያ ልምድ ለከርሰ ምድር እንፋሎት ሲውል፣ ዝናብ ቢጠፋም ነፋስ ቢቆምም የማይቋረጥ መብራት ይሰጣል።

ካሉብን የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የካሉብ ጋዝ ሶማሌ ክልል ውስጥ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የተገኘ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ማምረቻ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንደሚያመርት ተነግሯል። ታዲያ ቡታጋዝ ሊረክስ ነው? ከዚህ ምርት አትጠብቁ። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። የሚጓዘው በልዩ ታንከር ነው፣ የሚመቸውም ለፋብሪካና ለከባድ መኪና ነው። በተራ የወጥ ቤት ሲሊንደር አይሞላም። "ካሉብ ስለተከፈተ" ብላችሁ የጋዝ ምድጃ አትግዙ።

መብራት

አዳማ ላይ የዕለት ማብሰያ ዋናው መብራት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በላይኛው ቀመር ሲሰላ ዛሬ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ምንጩ አገር ውስጥ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። በበጋ ወንዝ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል፤ የአዳማ ተርባይኖች ጥቅማቸው ያኔ ጎልቶ ይታያል።

ታሪፉ ግን እንደ ድሮው እንደማይቆይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለ4 ዓመት ያህል እንዲጨምር ተወስኗል። የመኖሪያ ቤት ተመኑ ደግሞ በተጠቀማችሁ ቁጥር እርከኑ ይወጣል። ስለዚህ ስሌቱን በዓመት ሁለት ጊዜ እንደገና ሥሩ። እስካሁን ባለው ልዩነት ግን መብራት ብዙ ጨምሮም ከቡታጋዝ በታች ይቆያል።

ችግሩ ሁለት ነው፤ አንዱ መቋረጡ፣ ሌላው የቤቱ ሽቦ። ስለ ሽቦው ሰው ብዙም አያወራም፤ አደጋው ግን እዚያ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ምጣድና አንድ ስቶቭ አንድ ላይ ሲለኮሱ 45 አምፔር ገደማ ይሆናል። ለመኖሪያ ተብሎ የተዘረጋ አሮጌ መስመር ይህንን አይችልም። ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ የተዘረጋበት መስመር ይኑረው። እንጀራ ለሽያጭ የምትጋግሩ ከሆነ ስሪ ፌዝ (ከባድ ጭነት የሚችል ባለ ሦስት መስመር) ቆጣሪ ጠይቁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊት ቆጣሪው ምን እንደሆነ እዩ። ከኪራዩ ዋጋ እኩል ልትጠይቁት የሚገባ ነገር ነው።

ከተራ ስቶቭና ከኢንዳክሽን የቱ ይሻላል? ኢንዳክሽን ፈጣን ነው፣ ፍጆታውም ያንሳል። ለአዳማ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የሚግለው ድስቱ እንጂ ዙሪያው ስላልሆነ ወጥ ቤቱን አያነደውም። ግን የሚሠራው ታቹ ዝርግ ሆኖ ማግኔት በሚይዘው ዕቃ ብቻ ነው። ተራው የአሉሚኒየም ድስት፣ የሸክላ ድስትና ጀበና አይሠሩበትም። ማግኔት ይዛችሁ ድስቶቻችሁን ሞክሩ። አብዛኞቹ ካልያዙ፣ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም መቀየር ስለሚኖርባችሁ ያንን ወጪ ደምሩ። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ኢንዳክሽን ቶሎ ይጎዳል፤ ተራው ስቶቭ ግን ቻይ ነው። ሽቦው ቢቃጠል ጎረቤት ያለ ጠጋኝ ይቀይረዋል።

ጀነሬተር

ጀነሬተርን ለማብሰል የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህን ያስላ። ትንሽ ጀነሬተር ከ1 ሊትር የሚያወጣው 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሊትሩ 130 ብር ቢሆን አንድ ኪሎዋት ሰዓት 52 ብር መጣ ማለት ነው፤ ያውም ዘይቱ፣ ፊልትሩና ጥገናው ሳይደመር። አንድ ምጣድ ሲግል ለአንድ ሰዓት ከሊትር በላይ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ ሊትር ናፍጣም 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ነዳጁ በሙሉ ከውጭ ነው። የአሰብ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ የተጣራውን ነው የምንገዛው። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲኖር መኪናውም ጀነሬተሩም አንድ ወረፋ ነው የሚጠብቁት፤ በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ቁጥጥር ይበዛበታል። መብራት የጠፋ ዕለት ነዳጅም ከጠፋ ጀነሬተሩ ብረት ነው።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ሥጋ በብዛት ለሚያከማች፣ ትልቅ ፍሪዘር ላለው፣ ሠርግና ስብሰባ ለሚያስተናግድ ሆቴል። እነዚህ ለጥቂት ሰዓታት ከፍተኛ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ያንን በባትሪ መሸፈን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለሽሮ ቤትና ለጁስ ቤት ግን አልመክርም። የሚገዛው ሰው መለወጫ ማብሪያ ማጥፊያ በባለሙያ ያስገጥም። ያለሱ ከቤቱ መስመር ጋር ከተገናኘ ኃይሉ ወደ ውጭው መስመር ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ጢሱም ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነውና ቤት ውስጥ አይነሳ።

ሶላርና ባትሪ

አዳማ ፀሐይ አይቸግራትም። 1 ኪሎዋት ፓኔል በጥሩ ቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ይህ ለአምፖሎች፣ ለአንድ ፍሪጅ፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ይበቃል። ለምጣድ ግን አይበቃም። "በሶላር እንጀራ ጋግሩ" የሚላችሁ ሻጭ ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ እንደሚያስፈልግ በወረቀት ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።

ከተማው ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። ፓኔል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ከመለጠፍ ከፍ አድርጎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። ሌላው የአዳማ አቧራ ነው። ጠዋት ሳይሞቅ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

አሁን ብዙ ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። መብራት የሚሄድባችሁ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ ፓኔሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) እና ባትሪ ብቻ ግዙ። መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፣ ሲሄድ ያንን ትጠቀማላችሁ። ከቆጣሪ የሚሞላው መብራት ርካሽም ንጹሕም ነው። ፓኔሉን ገንዘብ ሲገኝ ትጨምሩታላችሁ። ኢንቨርተሩ ፓኔል መቀበል የሚችል መሆኑን ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

የባትሪው ዓይነት ላይ አትሰስቱ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ አሲድ ባትሪ በወረቀት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባትጠቀሙ ይመረጣል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ80 በመቶ በላይ ያስጠቅማል፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜም ይሞላል። መግዣው ይወደዳል፣ በዓመታት ሲካፈል ግን ይረክሳል።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | የዕለት ወጪ | መብራት ሲሄድ | ለወጥ ቤት ጤና | ምንጩ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከሰል | በጣም ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ እየጨመረ | ይሠራል | መጥፎ | የአገር ደን |
| ቡታጋዝ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ይሠራል | ጥሩ፣ አየር ካለ | ከውጭ፣ በዶላር |
| ተራ ስቶቭና ምጣድ | ዝቅተኛ፣ ሽቦው ሳይደመር | ዝቅተኛ | አይሠራም | በጣም ጥሩ | ውኃና ነፋስ |
| ኢንዳክሽን | መካከለኛ፣ ድስቱ ሲደመር ከፍ ይላል | ከሁሉም ዝቅተኛ | አይሠራም | በጣም ጥሩ | ውኃና ነፋስ |
| ጀነሬተር | ከፍተኛ | ከሁሉም ከፍተኛ | ይሠራል፣ ነዳጅ ካለ | ውጭ ከሆነ ብቻ | ከውጭ፣ በዶላር |
| ባትሪ ያለው ሶላር | ከፍተኛ | ወደ ዜሮ የቀረበ | ለመብራትና ፍሪጅ ይሠራል | በጣም ጥሩ | ፀሐይ፣ ዕቃው ከውጭ |

ለማን የቱ?

ቤተሰብ ከሆናችሁና ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ተራ ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ስቶቭ ግዙ። ማንደጃችሁን አትጣሉ፣ መብራት ለሚሄድበት ቀን ይቀመጥ። ትንሽ ሲተርፋችሁ ትንሿን የቡታጋዝ ሲሊንደር ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ጨምሩ። ያን ጊዜ ከሰሉ ለቡና ብቻ ይሆናል። ትንሿ ሲሊንደር ለመጠባበቂያ ብቻ ስትውል ብዙ ጊዜ ትቆያለች፣ ዋጋዋ ቢጨምርም ኪስ አትጎዳም።

ሽሮ ቤት፣ ቁርስ ቤት ወይም ትንሽ ምግብ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ምድጃ ከመግዛት በፊት ሽቦውን አስተካክሉ። ከዚያ ወጡን በመብራት፣ ቶሎ የሚፈለገውን ጥብስና ፍርፍር በቡታጋዝ ሥሩ። ሁለት ሲሊንደር ይበቃል፣ አንዱ ሥራ ላይ፣ አንዱ ሙሉ ተቀምጦ። መብራት በሄደ ቀን ቡታጋዙ ሙሉውን ሥራ ይሸከማል፤ በሌላው ቀን ያርፋል። ለአምፖልና ለፍሪጅ ኢንቨርተርና ባትሪ በቂ ነው።

እንጀራ ጋግራችሁ የምትሸጡ ከሆነ ምርጫው ጠባብ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድና ስሪ ፌዝ። መብራት በሰፈራችሁ መቼ መቼ እንደሚሄድ ለጥቂት ሳምንት መዝግቡና የመጋገሪያ ሰዓታችሁን ወደ ሌሊት ወይም ወደ ማለዳ አዙሩ። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፣ ከጀነሬተርም የተሻለ መፍትሔ ነው።

ካፌ ያላችሁ የማሽኑን ፍላጎት እዩ። ባለ ሁለት እጅ የቡና ማሽን ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ተራ ኢንቨርተር አይሸከመውም። መብራት ሲሄድ የጀበና ቡና ማቅረብ ከጀነሬተር ይረክሳል፤ ብዙ ደንበኛም ይወደዋል።

ሆቴልና ሥጋ ቤት ያላችሁ ጀነሬተር ያስፈልጋችኋል። ከባትሪ ጋር አጣምሩት። አጭር መቋረጥን ባትሪው ይሸከም፣ ጀነሬተሩ የሚነሳው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ ብቻ ይሁን። በዚህ ብቻ የነዳጅ ወጪያችሁ በጉልህ ይቀንሳል።

ጀነሬተርና ትልቅ የጋዝ ምድጃ አሁን ያላችሁ ደግሞ በችኮላ አትሽጡ። ያለውን ወደ መጠባበቂያ አውርዱት፣ አዲስ የምትገዙትን ግን በሙሉ ወደ መብራት አድርጉት። ዕቃው ሲያረጅ በቦታው ሌላ ነዳጅ የሚፈልግ ዕቃ አትተኩ።